እትዬ ጻይዩን ያልታመመችው በሽታ

ጋሼ ኩዋንግ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው የሚኖረው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በጉዪያንግ ከተማ እሱ ያልገባበት ጓሮ፣ ያላንኳኳው በር የለም ይባልለታል፤ ይህን አዘውትሮ የሚለው ግን ራሱ ነው። ሕንፃችን ሥር ካርታ ከሚጫወቱት ሽማግሎች መሐል ተቀምጦ፣ አንዱ ሐኪም ቤት ልሂድ፣ ሌላው ዘመድ ልጠይቅ ሲል፣ ከጨዋታው ቀና ሳይል መንገድ ይነግራል። «በክር ፋብሪካው ጀርባ ባለችው ቅያስ ግባና ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይላል። ክር ፋብሪካው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ ነው፤ በቦታው ላይ ጫፋቸው ጉም ውስጥ የሚገባ ሕንፃዎች ቆመዋል። ሰዉ «እሺ ጋሼ» ይለውና ጥግ ሲዞር ስልኩን አውጥቶ መንገዱን ያያል።

ጋሼ ኩዋንግ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሰፈር ርቆ አይሄድም። ከቤቱ እስከ ጨዋታው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው እስከ አትክልት ተራ፣ በቃ። ከተማው በየዓመቱ ቆዳውን ሲቀይር እሱ የድሮውን በራሱ ውስጥ ይዞ ተቀምጧል። ሚስቱ እትዬ ጻይዩን ይህን ታውቃለች። ሰው ፊት ግን አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ሚንዪ ትባላለች። በሥራ ቦታዋ ያገኘችው ዠንቦ የሚባል ልጅ አጫት። ዠንቦ የያንታይ ልጅ ነው፤ ከሰሜን፣ ከባሕር ዳር። ወላጆቹ በጸደይ መጥተው ቤተሰቡን ሊያዩ፣ የሠርጉንም ነገር ሊቆርጡ ተስማሙ። ከመምጣታቸው በፊት ወራት ሙሉ ጋሼ ኩዋንግ ከልጁ አባት ጋር በስልክ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ያወሩ ነበር።

«መኪና ምን ያደርግልናል፣ አማቼ?» ይል ነበር። «ከተማ የሚታወቀው በእግር ነው። እኔ እስከ ዛሬ በየማለዳው በእግሬ ነው የማካልለው።»

እትዬ ጻይዩን ከስልኩ ጀርባ ቆማ አየችው። እሱ ስልኩን ነው የሚያየው።

አማቾቹ መጡ። አባትየው አቶ ፑ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እናትየው ወይዘሮ ሌይ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበሩ፤ ቃላቸው ጥርት ያለ፣ ፊታቸው ሁልጊዜ ወደ ሰው ዘንበል ያለ። ጉብኝቱ በሥራ ቀን ዋለ። ልጆቹ «መኪና እንላክላችሁ» ቢሉም ጋሼ ኩዋንግ አሻፈረኝ አለ። ማታ ዓሣ ቤት እንገናኛለን ተባብለው ተለያዩ።

ጠዋቱ መልካም ነበር። ካፊያው ቀጭን ነው፤ ለእኛ ዝናብ አይባልም። በናንሚንግ ወንዝ ዳር ዳሩን ሄደው ወንዙ መሐል በድንጋይ ላይ የቆመውን የጂያሺዩን ግንብ አዩ፣ ፎቶ ተነሡ። ጋሼ ኩዋንግ እዚህ ጋ እጅግ ጎበዝ ነበር። ግንቡ ስላልተነቃነቀ የሚያውቀው ሁሉ በቦታው ነው። የጥንት ተማሪዎች ለፈተና ሲሄዱ እዚህ እንዴት እንደሚያልፉ፣ ወንዙ ሲሞላ ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ ተናገረ። አቶ ፑ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ወይዘሮ ሌይ «እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት መታደል ነው» አሉ። እሱ ደስ አለው። ደስታው ነው ያጠፋው።

«ምሳ የት እንደማበላችሁ ታውቃላችሁ?» አለ። «ድንጋይ ደረጃ ሰፈር። ሚንዪ የተወለደችበት። አንድ ዓይናው ሻዎ የአንጀትና የደም ኑድል ይሠራል፤ ይህን ሳይቀምስ ጉዪያንግን አየሁ የሚል ሰው ውሸታም ነው።»

እትዬ ጻይዩን ቀረብ ብላ በሰፈራችን አነጋገር፣ እንግዶቹ በማይሰሙት ድምፅ፣ «ያ ሰፈር ፈርሷል መሰለኝ። እስቲ ሰው ጠይቅ» አለችው።

«እኔ? በገዛ ከተማዬ መንገድ ልጠይቅ?»

«ምን አለበት?»

«ዝም ብለሽ ተከተይ።»

ተከተለችው። ድልድይ ተሻገሩ፣ ደረጃ ወጡ፣ ወረዱ። ቅያስ ይሆናል ብሎ የገባበት ወደ መኪና ማቆሚያ ወሰደው። ዳቦ ቤት ነበረ ያለው ቦታ ላይ የመስታወት ሕንፃ ቆሞ ሰማይ ያሳያል። ሰፊ የመኪና መንገድ ገጠማቸው፤ መሻገሪያ የለውም። በእግረኛው ድልድይ ወጥተው በወዲያኛው ጫፍ ሲወርዱ ደግሞ ሌላ የመኪና መንገድ። ጋሼ ኩዋንግ ፍጥነቱን ጨመረ። የጠፋበት ሰው እንዲያ ነው፤ የሚያውቅ ለመምሰል ይሮጣል። ወይዘሮ ሌይ ለጉብኝት ያደረጉት ጫማ እግራቸውን መላጥ ጀምሮ ነበር፤ ግን ምንም አላሉም። በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ቅድም አላለፍንም?» አሉ ወይዘሮ ሌይ።

በመስኮቱ ሮዝ ቀለም ያለው የገላ መታጠቢያ ገንዳ ይታያል። ጋሼ ኩዋንግ ቅድምም አይቶታል። አቶ ፑ ገንዳውን አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩት። በንቀት አልነበረም። እንዲያው የሚለውን ለመስማት ነው።

«በግራ እንታጠፍ ያለችኝ ጻይዩን ናት» አለ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ባል ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ይሳቅበትና ይረሳ ነበር። ግን ማንም አልመለሰለትም። ዝምታው አስፈራው።

«አይፍረዱባት» ብሎ ቀጠለ። «ከአምና ጀምሮ መርሳት ጀምሯታል። መንገድ ይጠፋባታል። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ይህን እያወቅሁ የእሷን ቃል መስማት አልነበረብኝም። ለልጅቷም ገና አልነገርናትም።»

ኋላ ይህን ሲነግረኝ «እንዲያ ልበል ብዬ አላሰብኩም፤ አፌ ቀድሞኝ ሄደ» አለኝ። እሱ ቃሉን ሲጨርስ እትዬ ጻይዩን አየችው። ቀጥሎ ገንዳውን አየች። «አዎ» አለች፣ «አንዳንዴ ይጠፋብኛል።»

ለምን እንዲያ እንዳለች ጠይቄያታለሁ። «ሰው ፊት ልብሱን ያወለቀ ሰው ስታዪ ምን ታደርጊያለሽ?» ነው ያለችኝ። «ያገኘሽውን ጨርቅ ትጥይበታለሽ።»

የወይዘሮ ሌይ ፊት ወዲያው ተለወጠ። እናታቸው በዚያው የመርሳት በሽታ ነው የሞቱት፤ ለዓመታት አጥበው፣ አጉርሰው ያስታመሟቸው እሳቸው ናቸው። መጥተው የእትዬ ጻይዩንን እጅ ያዙ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ነበር የሚሏት። ከዚያ በኋላ «አንቺ» አሏት። የንቀት አንቺ አይደለም፤ ለሕፃን የሚባለው ዓይነት ነው።

«ነይ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ሁኚ። አሁን መንገድ እንሻገራለን፣ እሺ? ያ ትልቁ ምንድን ነው?»

«አውቶቡስ» አለች እትዬ ጻይዩን።

«ጎበዝ። እስኪያልፍ እንጠብቀዋለን።»

ጋሼ ኩዋንግ ከፊት ሆኖ ይሰማል። አቶ ፑ ስልካቸውን አውጥተው መንገዱን አዩና፣ እሱ እንዳይከፋው ብለው ይሆናል፣ «ወንዙ በዚህ በኩል ነው መሰለኝ» አሉ በለሆሳስ። ከዚያ ጎን ለጎን ሄዱ።

«ለብቻዎ ይዘውት ነበር?» አሉት አቶ ፑ።

«ምኑን?»

«ይህን። ሚስትዎ እንዲህ ሆነው፣ ለልጅ ሳይነግሩ፣ እየቀለዱ እኛን ማስተናገድ። እኔ አልችልም ነበር። ባለቤቴ እናቷን ስታስታምም ሞተር ልጠግን ብዬ ወደብ እየሄድኩ እውል ነበር። እርስዎ ጠንካራ ሰው ነዎት።»

በዚህ ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ሁለት ሽማግሎች ብቻቸውን፣ ሴቶቹ ከኋላ። «እውነት ለመናገር» የሚለው ቃል ጫፉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር ይላል። አቶ ፑ ግን «ሐኪሙስ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ፤ እሱም «ገና ጅምር ነው አለ» ብሎ መለሰ።

የአንድ ዓይናው ኑድል ቀረ። ምሳ የበሉት በመንገድ ዳር ካገኟት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከመሐረብ የማይሰፋ ስስ የሩዝ ቂጣ፣ ዙሪያውን በየሳህኑ የተከተፈ አትክልት፣ ጠቅልሎ በሚያቃጥልና በሚኮመጥጥ መረቅ መብላት ነው። ወይዘሮ ሌይ ይህን ምግብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ አጠቀላለሉን የሸጠችላቸው ልጅ አሳየቻቸው። ልክ እንዳወቁ ወደ እትዬ ጻይዩን ዞሩ።

«አየሽ፣ ቂጣዋን እንዲህ መዳፍሽ ላይ ትዘረጊያለሽ። አትክልቱ መሐል። ከሥር ታጥፊያታለሽ፣ እንዳይፈስ። እስቲ ሞክሪ።»

እትዬ ጻይዩን ሚንዪ ትንሽ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት በር ላይ ይህንኑ ጠቅልላ ስትሸጥ ነው የኖረችው። በእንቅልፏም ትጠቀልለዋለች። አንዷን ቂጣ አነሣች፤ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ሊሮጡ ሲሉ ያዘቻቸው። ቀስ ብላ፣ እንደ ጀማሪ ጠቀለለች። ከጫፉ ትንሽ ካሮት ወደቀ።

«ጎበዝ። በጣም ጥሩ ነው» አሉ ወይዘሮ ሌይ፣ በመሐረብ እጇን እየጠረጉላት።

አቶ ፑ የዓሣ ሽታ ያለውን፣ በሰፈራችን የሚበላውን የተክል ሥር ነክሰው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ፣ በሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ ኩዋንግ እየሳቀ ያሾፍባቸው ነበር። ያን ቀን ውሃ ብቻ ቀዳላቸው።

ከሰዓት በኋላ ኋጉዎዩዋን የሚባለውን የረጃጅም ሕንፃዎች ሰፈር ከሩቅ ለማየት ደረጃ ወጡ። ሴቶቹ ጥቂት ለማረፍ ሲቀመጡ ወይዘሮ ሌይ ውሃ ሊገዙ ፈቀቅ አሉ። ጋሼ ኩዋንግ ሚስቱ አጠገብ መጣ።

«ማታ እነግራቸዋለሁ» አላት።

«ምን ብለህ?»

«አላውቅም። እነግራቸዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከማታ በፊት አፍ የለህም?»

ሊመልስላት ሲል ወይዘሮ ሌይ የውሃውን ክዳን ከፍተው፣ ጠርሙሱን በሁለት እጅ አስይዘዋት አጠገቧ ተቀመጡ። እሱም ወደ አቶ ፑ ሄደ። እሳቸው ከብረቱ አጥር ተደግፈው የሕንፃውን ጫካ ያያሉ፤ ተቆጥሮ የማያልቅ መስኮት፣ በየመስኮቱ የተሰጣ ልብስ።

«እርስዎ ቆጣሪ ሲያነቡ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነበር?» አሉት።

«አንዱም» አለ ጋሼ ኩዋንግ። በዚያን ቀን ከግንቡ ወዲህ የተናገረው እውነት ይህ ብቻ ነው።

ዓሣ ቤቱ ሲደርሱ ልጆቹ ቀድመው ጠብቀዋቸዋል። የኮመጠጠው ቀይ ሾርባ መሐል ጠረጴዛው ላይ ይንተከተካል። ወይዘሮ ሌይ ሳይቀመጡ ሚንዪን በትከሻዋ አቅፈው ዓሣዎቹ ወደሚዋኙበት ገንዳ ወሰዷት። ጋሼ ኩዋንግ ከተቀመጠበት ያያቸዋል፤ ወይዘሮ ሌይ ሲናገሩ፣ ሚንዪ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ። ተነሥቶ መሄድ ነበረበት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ መልሶ ሳበው።

ሚንዪ ስትመለስ ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር። እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እትዬ ጻይዩን ወደ ሾርባው አቀረቀረች።

«በአባትሽ አትቆጪ» አሉ ወይዘሮ ሌይ። «ላንቺ ብለው ነው። ሠርጉንም የሚያስቀር ነገር አይደለም፤ እንዲያ እንዳይመስልሽ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በዘር ሊሄድ ይችላል ይባላል። አንቺም ብትታዪ አይከፋም፤ ነገ ልጅ ሲመጣ።»

ዠንቦ አንገቱን ደፋ። ሚንዪ የእናቷን እጅ ያዘች። «እማዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው? እስቲ ንገሪኝ።»

እትዬ ጻይዩን ቀኑን ታውቃለች። የአትክልቱን ዋጋ፣ የጎረቤቱን ሁሉ የልደት ቀን፣ እኔ ቁልፌን የት እንደምረሳ እንኳ ታውቃለች። ግን ቀና ብላ ባሏን አየችውና ጠበቀች። በዚህ ጊዜ የምትጥልበት ጨርቅ እንደሌላት ገባው።

«አላመማትም» አለ።

ማንም አልገባውም።

«ምንም አላመማትም። መንገዱ የጠፋብኝ እኔ ነኝ። በየማለዳው እዞራለሁ ያልኩትም ውሸት ነው፤ ከጡረታ ወዲህ ከሰፈር ወጥቼ አላውቅም። እዚያ ሱቅ ፊት ስንቆም አፈርኩ። ስላፈርኩ በእሷ ላይ አደረግሁት።»

አቶ ፑ ቾፕስቲካቸውን አስቀመጡ። ጠንካራ ሰው ነዎት ያሉትን ያስታወሱ ይመስላል፤ ጋሼ ኩዋንግን ሳይሆን ሳህኑን ነበር የሚያዩት። ወይዘሮ ሌይ ከአንገታቸው ጀምሮ ቀሉ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «አውቶቡስ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።»

«ጠይቀውኛል» አለች እትዬ ጻይዩን።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎን እንዲያ...»

«እርስዎ ምን አደረጉ? ምንም አላደረጉም።»

ሚንዪ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። አባቷን አየችው። «ባትጠየቅ ዝም ልትል ነበር?» አለችው።

«አይደለም።»

«እሷ እስክታይህ ድረስ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ነበር እኮ።»

ዠንቦ ተነሥቶ ለሁሉም ዓሣ አወጣ፤ የጨዋ ልጅ ነው፤ ለጋሼ ኩዋንግም እንደ ሌላው አወጣለት። ስለ ሠርጉ ትንሽ ተወራ፤ በመከር፣ ያንታይ ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። በማግስቱ አማቾቹ ከልጆቹ ጋር በመኪና ዝንጀሮዎች ወዳሉበት ተራራ ሄዱ። እነ ጋሼ ኩዋንግን «ደክሟችኋል፣ እረፉ» አሏቸው።

ያን ዕለት ጠዋት እትዬ ጻይዩን ጎመን እያጠበች ሳለ ነው የተናገረችው። እሱ በር ላይ ቆሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ይፈልግ ነበር።

«ውሸትህን ለምጄዋለሁ» አለችው ዞር ሳትል። «ካርታ ላይም ትዋሻለህ። ያቃጠለኝ እሱ አይደለም። ያቺ ሴትዮ ቀኑን ሙሉ እጄን ይዛ ነበር። በየመንገዱ፣ በየደረጃው። ሰው እጄን ይዞኝ መንገድ ካሻገረኝ ስንት ዘመኔ ነው? ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። ማታ ስንለያይ ግን ተመልሳ «እርስዎ» አለችኝ፣ እጇንም ኪሷ ከተተች። የያዘችው የእኔን አልነበረም ማለት ነው፤ አንተ የፈጠርካትን ሴትዮ ነው። አሁን ያን ደስታ ምን ላድርገው?»

ጋሼ ኩዋንግ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀም። ጎመኑን ተቀብሎ ያጥብላት ዘንድ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ማጥለያውን አስያዘችው።

ሚንዪ ለሳምንታት አባቷን አላነጋገረችም። ስልክ ስትደውል እሱ ካነሣው «እማን ስጠኝ» ነው የምትለው፤ ይሰጣል። በዚያ ላይ ነገሩ ከልቧ አልወጣም። አንዴ የገባ ጥርጣሬ በይቅርታ አይወጣም። እናቷ ጨው መጨመሯን ረስታ ሁለቴ ብትጨምር፣ መነጽሯን ራሷ ላይ አድርጋ ብትፈልግ፣ ልጅቷ ትደነግጣለች። በመጨረሻ «እማ፣ እንዲያው ለእኔ እንቅልፍ ብለሽ ሐኪም ቤት ሄደሽ ታዪ» አለቻት። እትዬ ጻይዩን «እሺ» አለች። ጋሼ ኩዋንግ ማንም ሳይጠራው ኮቱን ለብሶ ተከተላቸው።

ሐኪሟ እትዬ ጻይዩንን አስገብታ በሩን ዘጋች። ሚንዪ መስኮቱ ጋ ቆማ ስልኳን ታያለች። ጋሼ ኩዋንግ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ተቀምጧል፤ ከሰውየው ጎን ደግሞ የሰውየው ሚስት፤ ካፖርቷ በትክክል ተቆልፎላታል፣ ጸጉሯ ተበጥሮላታል። እሷ የካፖርቷን ቁልፍ ትፈታለች፣ ባሏ መልሶ ይቆልፍላታል።

«የእርስዎስ መቼ ጀመራት?» አለው ሰውየው፣ እንደ ዘመድ ጠጋ ብሎ።

ጋሼ ኩዋንግ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያን ቀን ለአቶ ፑ ሲመልስ እንዴት ቀላል እንደነበረ ትዝ አለው። አሁን ግን ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሰውየው የገባው መስሎት ጉልበቱን መታ መታ አደረገለት።

«ከባድ ነው» አለው። «የእኔዋ አንዳንድ ቀን አባቴ ትለኛለች። መድኃኒት ልቀበል፤ ለአፍታ ያዩልኛል?»

ሰውየው ሲሄድ ሴትዮዋ ቁልፏን መፍታት ቀጠለች። ጋሼ ኩዋንግ ይቆልፍላት ወይስ ይተዋት አላወቀም። እጁን ዘረጋ፣ ሰበሰበ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና እትዬ ጻይዩን ወጣች።

«ጤነኛ ነሽ ብላኛለች» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየችና ዝቅ አደረገች። የሆነውን ማንም አልነገራትም። መጥታ ከሴትዮዋ ጎን ተቀመጠች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችላት፤ ሰውየው እስኪመለስ ድረስም አልተነሣችም።

ደጅ ሲወጡ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ሚንዪ ለእናቷ ጃንጥላ ዘረጋች። አንገቷን ሳታዞር፣ ከጎኗ ላለው ለማንም ሊሆን በሚችል ድምፅ፣

«አባ፣ ምሳ በልተሃል?» አለች።

«አልበላሁም» አለ ጋሼ ኩዋንግ።

«እንግዲያው ና» አለችው፣ እና እናቷን ይዛ ቀደመች።